የሻምበል አበበ ቢቂላ ሀብት

በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በዩኒየኖች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሁሉም አባል ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቀው የሂሳብ ሪፖርቱን ነው። ስንት ኩንታል ቡና ለገበያ ቀረበ፣ የተጣራ ትርፉ ምን ያህል ነው፣ ለአባላት የሚከፋፈለውስ? ይህ ተገቢ ነው። ሂሳቡን የማያውቅ ማኅበር ዕድሜ የለውም። ይሁን እንጂ ጉባኤው ተበትኖ አባላት ወደየቀበሌያቸው ሲመለሱ በሪፖርቱ ላይ ያልሰፈረ ሌላ ጥያቄ አብሯቸው ይሄዳል። የሣር ጎጆው ወደ ቆርቆሮ ቤት ሲለወጥ፣ ሞተር ሳይክል ሲገዛ፣ ልጅ ሐዋሳ ተልኮ ሲማር በዚያ ቤት ያለው ሰው ደስተኛ ሆኗል ወይ? አንድ ሰው ተሳካለት የሚባለው ባፈራው ንብረት ነው ወይስ በሚኖረው ኑሮ በመደሰቱ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ክርክር መግጠም ቀላል ነው፤ መግባባት ላይ መድረስ ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስሙን የሚያውቀውን፣ ታሪኩን ግን ብዙውን ጊዜ እስከ ሮም ድረስ ብቻ የሚያውቀውን የአንድ የገበሬ ልጅ ሕይወት መመልከቱ ይበጃል። ሰውየው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመንዲዳ አቅራቢያ በምትገኘው ጃቶ በተባለች መንደር ነው። እንደ አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ዕለት በአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ጃቶ ላይ ግን ማራቶን የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አባቱ ከብትና በግ እየጠበቀ የሚኖር የገጠር ሰው ነበር። ልጁ ገና በእግሩ መሄድ በቻለበት ዕድሜ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገሪቱን ወረረ። ቤተሰቡም ቀዬውን ለቆ ጎሮ ወደተባለ ሩቅ ስፍራ ለመሰደድ ተገደደ። ነፃነት ሲመለስ እነርሱም ወደ ጃቶ ተመልሰው የእርሻ ኑሯቸውን ቀጠሉ።

የአበበ የልጅነት ኑሮ በዚያን ዘመን ከነበሩት የገበሬ ልጆች ኑሮ የተለየ አልነበረም። ከብት ይጠብቃል፣ በበዓል ጊዜ ገና ይጫወታል። የገና ጨዋታ በዚያ አካባቢ በትንሽ ሜዳ የሚወሰን አይደለም፤ ሩሩን ተከትሎ ሜዳውንና ጋራውን ማቋረጥ ይጠይቃል። በ1940ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ገብቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። እንደ ብዙ የዘመኑ ወጣቶች የገባው የወር ደመወዝና የመንግሥት ልብስ ፈልጎ እንጂ ሯጭ ለመሆን አልነበረም።

በክብር ዘበኛ ውስጥ ኦኒ ኒስካነን የተባለ ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነበር። ይህ ሰው ወታደሮቹን ስፖርት ሲያሠራ የአበበን አቅም አስተዋለ። አበበ ቀድሞውንም ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ ድረስ እየሮጠ የመመላለስ ልማድ ነበረው። በ1952 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ በተደረገ የማጣሪያ ውድድር ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨረሰ። ይህ ሰዓት ታላቁ የቼኮዝሎቫኪያ ሯጭ ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ይበልጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆኗ ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። በውጭ አገር ግን ይህን ወሬ ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም።

የሮም ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማለትም በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። የሐዋሳ ከተማም የተቆረቆረችው በዚያው በ1952 ዓ.ም. ስለሆነ ከተማዋና የአበበ ድል እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል። ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ እግሩን አልተመቸውም። ስለዚህ በአገሩ እንደለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ብዙ ሰው ይህን የድህነት ምልክት አድርጎ ያወራዋል፤ ትክክለኛው ምክንያት ግን ምቾት ነበር። ጫማ ነበረው፤ ያልለመደው ጫማ እግሩን እያቆሰለው ከሚሮጥ በለመደው ባዶ እግሩ መሮጡን መረጠ።

ሩጫው ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ የተጠናቀቀው ሲመሽ ነው። የኢጣሊያ ወታደሮች በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ ቆመው ችቦ ያበሩ ነበር። እስከ መጨረሻው አካባቢ አብሮት የነበረው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ብቻ ነው። ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ቀደም ብሎ ከአክሱም ተዘርፎ የተወሰደው ሐውልት በቆመበት አደባባይ አጠገብ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ራዲም ወደ ኋላ ቀረ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ የያዘው ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። ይህም በዓለም ላይ እስከዚያ ቀን ከተሮጠው ሁሉ ፈጣኑ ነው። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው ከ45 ዓመት ያህል በኋላ በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ አክሱም ላይ ዳግም የቆመው በ2000 ዓ.ም. ነው።

አበበ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ተቀበለው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ሸለሙት፤ ማዕረጉም ወደ አሥር አለቃ ከፍ አለ። የሚኖርበት ቤትና ቮልስዋገን መኪናም ተሰጠው። እዚህ ላይ ግን ልብ ማለት የሚያስፈልግ ነገር አለ። ቤቱም መኪናውም የክብር ዘበኛ ንብረት ነበሩ። እርሱ ይገለገልባቸዋል እንጂ የእርሱ አይደሉም። መኪና መንዳትም ስለማይችል ሾፌር ተመደበለት። የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የገበሬ ልጅ በስሙ የተመዘገበ ነገር ቢቆጠር ከሜዳሊያውና ከኒሻኑ ብዙም የሚዘል አልነበረም።

በዚያን ዘመን የኦሊምፒክ ስፖርተኛ ሮጦ ገንዘብ እንዲያገኝ አይፈቀድለትም ነበር። አማተር ይባላል። ገንዘብ የተቀበለ ከውድድር ይታገዳል። ዛሬ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የሚያልፍ ሰው አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2002 ዓ.ም. የከፈተውን ሪዞርት ይመለከታል። የአበበ ዘመን ሯጭ እንኳን ሪዞርት ሊሠራ ለጫማ ማስታወቂያ እንኳ በግልጽ ገንዘብ መቀበል አይችልም ነበር። ኃይሌ በላቡ ያገኘውን መልሶ በሥራ ላይ በማዋሉ ለብዙ ወጣት የሥራ ዕድል ከፍቷል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። በሀብት ሚዛን ከሆነ የዛሬ አንድ መካከለኛ ሯጭ አበበን በእጥፍ ድርብ ይበልጠዋል። በሌላ ሚዛን ግን እንዲህ ብሎ ለመናገር የሚደፍር አይገኝም።

የሹመትና የስጦታ ነገር ምን ያህል ተለዋዋጭ እንደሆነ አበበ ብዙ ሳይቆይ አየው። ከሮም ድል ሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሞከሩ። ከሮም ሲመለስ ከተቀበሉት ሹማምንት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ሙከራው ከሸፈ፤ ጄኔራሉም ተሰቀሉ። አበበ በነገሩ እጁ ባይኖርበትም የክብር ዘበኛ አባል ነበርና ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተመርምሮ ተለቀቀ። በመስከረም በአበባ የተቀበሉት ሰው በታኅሣሥ ተጠርጣሪ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በአቴንስ፣ በጃፓን ኦሳካና በቼኮዝሎቫኪያ ኮሺሴ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን ግን አምስተኛ ሆነ። ቶኪዮ ሲቃረብ ደግሞ የትርፍ አንጀት ሕመም ይዞት በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከቀዶ ሕክምናው እስከ ሩጫው የነበረው ጊዜ አምስት ሳምንት ብቻ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጎዳና ላይ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ሮጠ። ከሁለተኛው ሯጭ ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት እንደገና የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከገባ በኋላ አልወደቀም፤ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን እያነሳ የሰውነት ማፍታቻ ሲሠራ በስታዲየሙ የነበረው ሕዝብ በመገረም ተመለከተው።

በዚህ ድል መኮንን ሆነ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን ተሸለመ። ቤትና ቮልስዋገን መኪናም ተበረከተለት። አሁን መኪናው የራሱ ነው፤ መንዳትም ተምሯል። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የግል መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ሀብታም ተብሎ ይታይ ነበር። ከጃቶ የወጣ ልጅ የራሱ ቤትና የራሱ መኪና ኖረው። ባለቤትና ልጆችም አሉት። በአገር ሚዛን ተሳካለት የሚያሰኘው ሁሉ ተሟልቷል።

ስለ ቶኪዮ ከተነሳ ሦስተኛ የወጣውን ሰው ማለፍ አይገባም። ኮኪቺ ጹቡራያ ይባላል። ጃፓናዊ ነው፤ እንደ አበበ ከገጠር የመጣ፣ እንደ አበበ ወታደር። ስታዲየሙ ውስጥ የገባው ከአበበ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ነበር። የመጨረሻውን ዙር ሲሮጥ በአገሩ ሕዝብ ፊት እንግሊዛዊው ቤዝል ሂትሊ ቀደመውና የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ለጃፓን ይህ ትልቅ ድል ነበር፤ ሕዝቡም አከበረው። እርሱ ግን በሕዝብ ፊት በመቀደሙ እንደ ጥፋተኛ ራሱን ቆጠረ፤ በሚቀጥለው ኦሊምፒክ ለማካካስም ለራሱ ቃል ገባ። ከዚያ በኋላ ወገቡን በጠና ታመመ። ሊያገባት የፈለጋት ልጅ ነበረች፤ የጦር አለቆቹ ግን ጋብቻው ከሜክሲኮ ኦሊምፒክ በኋላ ይሁን ብለው ከለከሉት። እርሷ ሌላ ሰው አገባች። እ.ኤ.አ. በጥር 1968 በ27 ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። በተወው ደብዳቤ ወላጆቹንና ወንድም እህቶቹን ስላበሉትና ስላጠጡት እያንዳንዱ ነገር አንድ በአንድ ካመሰገነ በኋላ ለመሮጥ ጉልበት እንደሌለው ገለጸ።

ሁለቱም ሰዎች በአንድ ቀን በአንድ መንገድ ሮጠው ሜዳሊያ ያጠለቁ ናቸው። የአንዱ ወርቅ የሌላው ነሐስ ስለሆነ ነው ልዩነቱ ማለት አይቻልም፤ በዓለም ላይ ነሐስ አግኝተው በደስታ የኖሩ ብዙዎች አሉ። ጹቡራያን የጎዳው የራሱን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ለሌሎች ሰዎች ሚዛን አሳልፎ መስጠቱና ዙሪያውን የነበሩት አለቆችም ያን ሚዛን ይበልጥ ማክበዳቸው ነው። በልጆቻቸው ላይ የፈተና ውጤት ብቻ የሚቆጥሩ ወላጆችና በሠራተኞቻቸው ላይ የዕቅድ አፈጻጸም ብቻ የሚጠይቁ ኃላፊዎች ይህን ታሪክ ቢያስቡት ጥሩ ነው።

አበበም ወደ ሜክሲኮ ያቀናው በጤና አልነበረም። ከውድድሩ ጥቂት ቀናት በፊት በግራ እግሩ አጥንት ላይ ስንጥቅ ተገኘበት። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሩጫውን ቢጀምርም 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ አቋረጠ። ያን ማራቶን ያሸነፈው የክብር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ነው። ወርቁ ለሦስተኛ ጊዜ ኢትዮጵያ ገባ። አበበም የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጠው።

ከዚያ አምስት ወር ያህል አለፈ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አንድ ምሽት አበበ ቮልስዋገኑን ብቻውን እየነዳ በሸኖ አካባቢ ሲጓዝ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። በኋላ እንደገለጸው በፍጥነት ከፊት ለፊቱ ከመጣ ተሽከርካሪ ለመሸሽ ሲሞክር ነው የተገለበጠው። መኪናው ውስጥ ተጣብቆ አደረ። የተገኘው በማግስቱ ጠዋት ነው። አንገቱ አካባቢ ያለው የጀርባ አጥንት ተጎድቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በእግሩ ቆሞ አልሄደም።

የስኬቱ ምልክት ሆና የተሰጠችው መኪና እግሩን ወሰደችበት። ይህን የሰማ ሰው ገንዘብና ንብረት የችግር ምንጭ ነው ወደሚል መደምደሚያ መሮጥ ይቀናዋል። ችኩል ድምዳሜ ነው። ቀጥሎ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ንጉሠ ነገሥቱ በክብር ዘበኛ ሆስፒታል ተገኝተው ከጎበኙት በኋላ በሳምንት ጊዜ ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ። በዚያን ዘመን ለጀርባ አጥንት ጉዳት በዓለም ላይ ከሚገኙት ሁሉ የላቀው ሕክምና የሚሰጠው እዚያ ነበር። በዚያው ምሽት በዚያው መንገድ አንድ ተራ የሸኖ ገበሬ ቢገለበጥ ኖሮ ምን ይደርስበት ነበር? የገበሬ ቤት የሚያውቅ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። አበበ ከአደጋው በኋላ የኖራቸውን ዓመታት ያገኘው ዝናው ባመጣለት አቅም ነው። ደስታ ያለ ገንዘብ ይገኛል የሚል ሰው ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ አላየም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ የሚያዘውም ክፉ ቀን ሳይነግር ስለሚመጣ ነው። በየጉባኤው ይህ ገንዘብ ለምን አይከፋፈልም ብለው የሚያጉረመርሙ አባላት አይጠፉም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ ሲጠየቁ ዘንድሮ ማንም አልታመመብኝም ብለው የሚከራከሩም አሉ። አበበ ቢቂላ በሸኖ መንገድ እስከተጓዘባት ምሽት ድረስ በኢትዮጵያ ጤነኛ ከሚባሉት ሰዎች ሁሉ ጤነኛ ነበር።

በስቶክ ማንዴቪል ስምንት ወር ያህል ተኛ። መጀመሪያ ላይ ጭንቅላቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ እጆቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ከወገቡ በታች ግን ለውጥ አልመጣም። ከዓለም ዙሪያ የመልካም ምኞት ካርድ ይጎርፍለት ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥም ሄደው ጠየቁት።

ያን ሆስፒታል በዓለም ያሳወቁት ከናዚ ጀርመን ሸሽተው እንግሊዝ የገቡት ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ጉትማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርባቸው ተሰብሮ የመጡ ወታደሮችን ሲያክሙ አንድ ነገር ተረዱ። ቁስሉ ቢድንም ሰውየው ተስፋ ከቆረጠ ይሞታል። ስለዚህ ስፖርትን እንደ መድኃኒት አዘዙ። እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሉ ታካሚዎችን ቀስት አወዳደሩ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ውድድር መነሻው ይኸው ነው።

አበበም የጉትማንን መድኃኒት ወሰደ። እግሩ ሲከዳው እጁን አሠለጠነ። ቀስት መወርወር ተማረ፤ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። በ1962 ዓ.ም. ክረምት ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀው ሰው በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ከማያውቁት ሰዎች ጋር እንደ ጀማሪ ተሰልፎ ተወዳደረ። እዚያ አላሸነፈም። ማሸነፍ የለመደ ሰው በማያሸንፍበት ሜዳ ላይ በፈቃዱ መግባቱ ከሮሙ ድል የሚተናነስ ድፍረት አይደለም። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ወር ላይ ኖርዌይ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር በእንግድነት ተጋበዘ። በእንግድነት ተቀምጦ ማየት ግን አልሆነለትም። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ከተወዳደረ በኋላ በረዶ ላይ በውሾች የሚጎተት ጋሪ ውድድር ውስጥ ገባ። ከጃቶ የመጣ ሰው በረዶ ላይ ውሻ ሲነዳ! ያንን አሸነፈ፤ ከኋላው 16 ተወዳዳሪዎች ነበሩ።

አበበ ስለ አደጋው በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነበር። ኦሊምፒክ ማሸነፉንም መኪናው መገልበጡንም ከፈጣሪ ፈቃድ እንደመጡ ሁለት ነገሮች ያያቸው ነበር። ድሉን ሲቀበል እንደተደሰተ ሁሉ አደጋውንም መቀበልና በደስታ መኖር እንዳለበት ይናገር ነበር። ይህን አነጋገር የሃይማኖተኛ ሰው ልማድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን የተናገረው ሰው ከተናገረ በኋላ ምን እንዳደረገ ሲታይ ቃሉ ባዶ እንዳልነበረ ይረጋገጣል። ፈቃዱ ይሁን ብሎ አልጋ ላይ የተኛ ሰው አልነበረም። አቅሙ ከማይደርስበት ጋር መታገል ትቶ በሚደርስበት ላይ ጉልበቱን አዋለ። ደስታ የሚለው ቃል እርሱ ዘንድ የዝምታና የመቀመጥ ስም ሳይሆን የሥራ ስም ነበር።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሙኒክ ኦሊምፒክ ሲካሄድ አበበ በክብር እንግድነት ተጠራ። በተሽከርካሪ ወንበሩ ስታዲየም ሲገባ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። ማሞ ወልዴ በዚያ ማራቶን ሦስተኛ ወጣ። አሸናፊው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ካጠለቀ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠ።

ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ነበር የቀረው። በአደጋው ምክንያት በመጣ ውስብስብ ችግር ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በክብር ዘበኛ ሆስፒታል በ41 ዓመቱ አረፈ። ባለቤቱንና አራት ልጆቹን ትቶ ሄደ።

አንድ የዩኒየን ሂሳብ መርማሪ በዚያን ቀን የሻምበል አበበን ንብረት ቆጥሮ ቢመዘግብ ኖሮ ዝርዝሩ ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር። አንድ ቤት፣ ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ፣ ኒሻኖች፣ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ቀስትና ወስፈንጥር። በዚያ መዝገብ ላይ የማይሰፍረውን ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ያሻል። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ የሮጠው እርሱን አይቶ ነው። ከማሞ በኋላ የመጡትም ተራ በተራ እንዲሁ። በሐዋሳ ማለዳ ተነስተው በታቦር ተራራ ሥር የሚሮጡት ወጣቶች አብዛኞቹ የተወለዱት እርሱ ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ግን ስሙን ሳያውቁ የጀመሩ አይኖሩም። በ2002 ዓ.ም. የሮም ድሉ 50ኛ ዓመት ሲታሰብ የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን 300 ሜትሮች ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነው የገባው።

ቀብሩ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ተፈጸመ። ለቀብሩ የወጣው ሕዝብ 65,000 ይደርሳል ተብሎ ተገምቷል። ግርማዊ ንጉሠ ነገሥቱም በቦታው ተገኝተው ነበር፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀንም አወጁ። ከዚያ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ወታደሮች ከዙፋናቸው ሲያወርዷቸው ከቤተ መንግሥት ይዘዋቸው የወጡት ለአበበ በሸለሙት ዓይነት ቮልስዋገን ነው።